በእናቴ እጅ ልክ

ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ባለው ግቢያችን ልጆች የሚወጡበት ነገር አልነበረም። ማንጎው በወንድሜ ቀብር ማግስት ተቆረጠ፤ የቀረው ጉቶው ብቻ ነው። መሰላሉ ለጎረቤት ተሰጠ። ልጆቼ ወንበር ላይ ሲቆሙ እንኳ «ውረዱ!» የሚል የእናቴ ድምፅ ከጓዳ ይመጣል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እናቴ ግን ልጡንም ገመዱንም ከግቢ ጠርጋ አስወጥታለች።

ወንድሜ ከማንጎው የወደቀው እኔ ገና ፊደል ሳልቆጥር ነው። እኛ ዘንድ ማንጎ ሲወርድ አንዱ ዛፉ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ፍሬው እንዳይፈነዳ ከሥር ነጠላ ዘርግቶ ይቀበላል። የዚያን ቀን ተቀባይዋ እናቴ ነበረች። «ወደቀ» ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ በቤታችን ተጠርቶ አያውቅም። ስሙ ባይጠራም እሱ ግን አልሄደም። የጎረቤት ማንጎ በቆርቆሯችን ላይ አዘንብሏል። የበሰለው ወድቆ ድው ሲል እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ከሆነ ቢላዋው እጇ ላይ ይቆማል። ፍሬው ተንከባሎ መሬት እስኪደርስ ትጠብቅና ወጥታ ታየዋለች። ማንጎ መሆኑን ልታረጋግጥ ይመስለኛል። እኔም ተጋብቶብኝ፣ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ጣራው ላይ አንድ ነገር ሲወድቅ ጠመኔዬ ሰሌዳው ላይ ይቆማል። ይህን ነገሬን እጠላዋለሁ። ልጆቼ እንዲወርሱት አልፈለግሁም።

ባለፈው ዓመት ለልጆቹ የመንጠላጠያ ብረት እንግዛ አልኩ። ባለቤቴ ልጅነቱን ዛፍ ላይ የጨረሰ ሰው ነውና ደስ አለው፤ ወዲያው ግን «እናትሽስ?» አለኝ።

«አብራን ትምጣ፤ እሷው ትምረጥ» አልኩ።

በርና መስኮት የሚሠራው ብየዳ ቤት ደጃፍ ላይ ሁለት መንጠላጠያዎች ተገትረዋል። አንዱ አጭር ነው፤ ሸርተቴ አለው፣ ሮዝ ተቀብቷል። ሌላው ረጅም ነው፤ በግራና በቀኝ መሰላል፣ ከላይ አግዳሚ ብረት። ባለቤቴ ሄዶ ረጅሙ አጠገብ ቆመ፣ እኔ አጭሩ አጠገብ። አብሮን የመጣው ወንዱ ልጄ ማንንም ሳይጠይቅ ረጅሙ ላይ ወጥቶ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና እግሩን አንጠለጠለ።

በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ እናቴን «አካም ጂርቱ፣ አዮ» ብሎ እንደ እናቱ ሰላም አላት። «የልጅ ልጅዎ ነው? አይዞዎት፣ ጎበዝ ነው።»

እናቴ ልጄ ወዳለበት ሄዳ ከሥሩ ቆመች። ነጠላዋን መሬት ጣለችው። በእግር ጣቶቿ ተነሥታ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። የጣቶቿ ጫፍ ተረከዙን ነካ፤ ከዚያ አላለፈም።

«እንዲህ ነበር» አለች።

ምን እንደምትል የገባን የለም።

«የቆመበት ቅርንጫፍ ሲሰበር የላይኛውን በእጁ ያዘ። ‹አዮ፣ ያዢኝ› አለኝ። ነጠላውን ጥዬ ተንጠራራሁ። ተረከዙን ነክቼዋለሁ። ይሞቅ ነበር። መያዝ ግን አልቻልኩም።»

የወንድሜን ሞት አንድ ድምፅ አድርጌ ነበር የኖርኩት፤ ድው፣ ከዚያ ዝም። ከመውደቁ በፊት እንደጠራት፣ እንደነካችውም አላውቅም ነበር። በእነዚያው ጣቶች ነው ፀጉሬን ስትሠራኝ፣ ስታጎርሰኝ የኖረችው።

«በቃ፣ አጭሩን እንውሰድ» አልኩ።

«አይሆንም። የወደደው ይሄንን ነው» አለችና ወደ በያጁ ዞረች። «ኢልመ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ብረቱን ከእግሩ ቁረጥልኝ። እዚያ ላይ ሲቀመጥ ወገቡን እንድይዘው።»

በያጁ ሜትሩን አወጣ፤ ትንሽ አሰበና መልሶ ኪሱ ከተተው። እናቴን ብረቱ አጠገብ አቁሞ እጇ በደረሰበት ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ።

ብረቱን ከጉቶው አጠገብ በሲሚንቶ ተከልነው። ባለቤቴ «የዶሮ ቆጥ አደረጋችሁት» ብሎ ቀለደብን። ልጆቹ ግን አልናቁትም፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እሱ ላይ ናቸው። እናቴም ወጥታ ከሥራቸው ትቆማለች፤ ወንበር ባወጣላትም አትቀመጥም። እኔ ይህ ብረት ወንድሜን ከቤታችን የሚያሰናብትልን መስሎኝ ነበር። ወንድሜ ግን ከጣራው ወርዶ ግቢ ገባ። ልብስ ሳሰጣ ዞር ብዬ ልጆቹን እቆጥራለሁ፤ አንድ የሚተርፍ ይመስለኛል።

ከዚያ የማንጎ ወቅት ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጄ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፣ እናቴ በሁለት እጇ ወገቡን ይዛለች። የጎረቤት ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ወደቀ። ድው። እኔ እርጥቡን ሸሚዝ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እናቴ ግን ወደ ጣራው አልዞረችም። ቀና ብላ ልጄን እያየች «ያዝኩህ» አለችና የወንድሜን ስም ጠራች።

ልጄ ያንን ስም ሰምቶት አያውቅም። ቁልቁል አያት።

«አቤት» አላት።