ወተቱን ለመጨረሻ

የገበያ አዳራሹ ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት በአሮጌው ዋጋ ላይ አዲሱን ትለጥፋለች። የሽርጧ ኪስ በተላጡ ወረቀቶች ተወጥሯል። ከሳሙናው ጀምራ፣ ዘይቱን ጨርሳ፣ የሕፃናት ወተት ጋ ስትደርስ ግን ያ ቀልጣፋ እጇ፣ ይገርማል፣ ይለግማል። እስኪለጠፍበት ድረስ በድሮው ዋጋ ይሸጣላ!

“አንቺ፣ ዛሬም ወተቱ ላይ ተኛሽ?” አለቻት ሒሳብ ተቀባይዋ።

“እደርስበታለሁ እኮ እትዬ፤ ወተት የት ይሸሻል?”

እናቶች እየተሻሙ ወሰዱት። አንድ ጣሳ ብቻ ቀረ፤ ለራሷ ልጅ ከኋላ የሸሸገችው። ደመወዟ የሚገባው ከሰዓት ነው፤ እሱም ያው የዓምናው። አለቃዋ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። በዚያችው ጣሳ ላይ አዲሱን ዋጋ ለጠፈችና፣ የተኛ ልጅ እንደሚያለብስ ሰው፣ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ዳበሰችው።