የወንዝ ዳሩ ቤት ሲሸጥ

የልጅ ልጄ ሊዲያ ቤት አሻሻጭ ናት፤ ባለፈው ቅዳሜ ቻምበርስ ሮድ ካለው ቤቴ መጥታ «እማማ፣ ብቻዎን ከሚቀመጡ ኦፕን ሀውስ አለኝ፣ ቤት ለገዢዎች አሳያለሁ፣ አብረን እንሂድ» ብላ ዴንቨር መሃል ወንዙ ዳር ወደቆመ የድሮ የጡብ ሕንፃ ይዛኝ ሄደች። የዱሮ ሀብታም መኖሪያ ነበር አሉ፣ አሁን በየፎቁ ከፋፍለው በውድ ይሸጡታል። በሩን ስትከፍተው ከቤቱ ቀድሞ የወለል ሰም ሽታ መጣብኝና ደጃፉ ላይ ቀረሁ። «ይግቡ እንጂ እማማ! ቪውውን ይዩት፣ ሪቨሩ ከታች ነው እኮ!» ትለኛለች፤ እኔ ግን ጅማ ነበርኩ።

ጅማ፣ አዌቱ ወንዝ ዳር፣ እናቴ የምትሠራበት ቤት ነበር፤ የቡና ነጋዴ የሠራው፣ በረንዳው ሰፊ፣ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ጣውላ። ነጋዴው ሲሞቱ ሚስታቸው እትዬ አስካለ ብቻቸውን ቀሩበት። እናቴ፣ እኔና ገና መራመድ የጀመረችው ታናሽ እህቴ ስንዱ ከኋላ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ባለችው የጭቃ ሰርቪስ ቤት እንኖራለን። ትልቁን ቤት የምረግጠው ሰም በሚቀባ ቀን ብቻ ነበር። እናቴ ሰሙን በላምባ አሟሙታ በጉልበቷ እየዳኸች ትቀባለች፣ ሲደርቅ እግሬ ላይ የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ታስርልኝና ከሳሎን እስከ ጓዳ እንሸራተታለሁ። እትዬ አስካለ ከወንበራቸው ሆነው «አንቺ፣ ጥጉን ዘለልሽው! ጭፈራ ቤት መሰለሽ?» ይሉኛል፤ እኔም ሆን ብዬ ዘጭ እላለሁ፣ እሳቸውም ሳይፈልጉ ይስቃሉ፤ ወለሉን እንዳታረጥብ በረንዳ ላይ የምትቀመጠው ስንዱ ደግሞ ታጨበጭባለች።

አንድ ክረምት ቤቱ ሊሸጥ ነው ተባለ። ዝናቡ አላባራ ብሎ ወንዙ አፋፉን እየገመሰ ወደኛ ቀርቦ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ «እትዬ፣ ቤቱ እስኪሸጥ ልጆቼን ኮሪደሩ ላይ ላስተኛቸው? መሬቱ እየሄደብኝ ነው» አለቻቸው። እትዬ አስካለ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ስንዱን በእጃቸው ያጎርሷት ነበር። ግን ገዢ ይመጣል፣ የሕፃን ሽንት የሚሸት ቤት ደግሞ ማን ይገዛል? «ትንሽ ታገሺኝ የኔ ልጅ፣ ይሸጥልኝና ለአንቺም አንድ ነገር አደርጋለሁ» አሏት። እናቴም ታገሠች፤ ወዴት ትሂድ?

ገዢው የመጣ ለት ከጠዋት ጀምሮ ስንወለውል ነበር። ስንዱ አተኩሷት ሰርቪስ ቤት ተኝታለች። ሰውዬው ጭቃ የላሰ ጫማውን አውልቆ በካልሲው ገባና በሳሎኑ መስኮት ወንዙን እያየ «አቤት፣ እንዴት ደስ የሚል ቦታ ነው!» አለ። ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከጓሮ አንድ ነገር ተደረመሰ፤ ድምፁ ያን ያህል ትልቅ አልነበረም፣ ጆንያ እህል ከትከሻ ሲወርድ እንደሚያሰማው ነው። እናቴ ጨርቋን እንደያዘች ሮጠች። እኔም ስከተላት ብርድ ልብሱ ከእግሬ አልተፈታም ነበርና በረንዳው ላይ ዘጭ አልኩ፤ ያን ጊዜ የሳቀ የለም። ስደርስ ከሰርቪሳችን የቆመው አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር፤ ከሥሩ ቀይ ውሃ ይሄዳል።

ስንዱን የሰፈር ወንዶች ከድልድዩ ሥር አገኟት። ቤቱን ያው ሰውዬ ገዛው፤ አፋፉንም በድንጋይ አስገነባው፣ አሁንማ ማን ይነካዋል። እትዬ አስካለ ወደ ልጃቸው ሄዱ፤ እናቴን ግን ከወንበሩና ከቁም ሣጥኑ ጋር ለአዲሱ ጌታ ተዉአት። ሰም ስትቀባ ሳሎኑ መስኮት አጠገብ ስትደርስ ዞራ ለወንዙ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር የምትዳኸው።

ሊዲያ ቤቱን ሊያዩ የመጡትን ሰዎች ሸኝታ መጣችና «እማማ፣ ኦኬ ነዎት?» አለችኝ።

«እህት ነበረችኝ» አልኳት፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

«ሪሊ? ፎቶዋ አለዎት?»

ማን ፎቶ ያነሳታል። መልኳን የሚያውቁት እናቴና እትዬ አስካለ አፈር ከለበሱ ስንት ዘመናቸው፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔም እዚያ ቤት ቆሜ ፊቷን ላመጣው ዓይኔን ስጨፍን የመጣልኝ የሊዲያ ፊት ነው፣ እዚሁ ዴንቨር ሎውሪ ሰፈር ሳሳድጋት በሕፃንነቷ የነበራት። እሱን ገፋ አድርጌ ከኋላው ስንዱን ፈለግኳት። ከኋላው ማንም አልነበረም።