ለብረት የተገመተች መኪና

ቤንዚንና ያረጀ ቆዳ አንድ ላይ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ታላቅ ወንድሜን አስታውሳለሁ።

አባታችን ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን ቀይ የጣሊያን መኪና ነበረችው። ድሮ ከአንድ የጎሬ ቡና ነጋዴ የገዛት ናት። እሁድ እሁድ ከመቱ ጎሬ ድረስ ይዞኝ ይወጣ ነበር፤ ዳገቱ ላይ መስኮቱን ከፍቼ ስጮህ እሱ ይስቃል።

ሲሞት ሽማግሌዎች ግቢያችን ተቀምጠው ውርሱን ገመቱ። ወንድሜ ቁልፉን ቢያዞር መኪናዋ «ክር ክር» ብላ ዝም አለች። አንዱ ሽማግሌ ኮፈኗን በከዘራቸው ኳ ኳ አድርገው፣ «ይቺ ተቀጥቅጣ ማጭድ ካልሆነች ለምንም አትሆን» አሉ። ተሳቀ። ለወንድሞቼ ቤቱና ቡናው፣ ለእኔ ብረቱ! ሕጉ ወንድና ሴት እኩል ነው ይላል፣ አይደል? እኔ ግን እሷኑ ፈልጌ ስለነበር «እሺ» አልኩ።

ክረምቱን ከአንድ የመናኸሪያ መካኒክ ጋር ላይዋ ላይ ተደፍቼ ከረምኩ። እሳት የሚያከፋፍለው ክዳን እርጥበት ጠጥቷል፣ ኤሌክትሪኩን የሚቆራርጠው ፑንቲና ተቃጥሏል። ክዳኑን አደረቅን፣ ፑንቲናውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን። ካንዴላው ጫፍ ላይ ሰማያዊ እሳት ብልጭ ሲል መካኒኩ «ገለታ ዋቃዮ!» ብሎ እየጮኸ ፈጣሪውን አመሰገነ። ያን ቀን ባጃጆቹን እየቀደምኩ ከተማውን ዞርኩ።

በማግስቱ ወንድሜ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ መጣ።

«ግምቱ የተሠራው ለብረት ነው» አለ፤ «ይቺ ግን መኪና ናት።»

«መኪና ያደረጋት ማን ሆነና?» አልኩት።

ባለ ከዘራው ሽማግሌ ደግሞ፣ እስቲ ስማኝ፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የአባት ቅርስ ለአንድ ሰው አይሆንም» አሉኝ። ከክረምት በፊት ማጭድ፣ አሁን ቅርስ! ዓይን ያወጣ ድፍረት! እናታችን «ልጄን አታስለቅሷት» ብትል ማን ሰምቷት። ትሸጥና ገንዘቡ ይከፈል ተባለ።

ገዢው ከአዲስ አበባ የመጣ ዕለት ዘነበና መኪናዋ አልነሣ አለች። ወንድሜ፣ አያፍርም፣ ሰው ላከብኝ፦ «እህቴ፣ እንደምንም አስነሺልን።» አልሄድም ብዬ ነበር። ግን በገመድ ሊጎትቷት ነው ብሎ ጎረቤት ሲነግረኝ አላስቻለኝም። ሄድኩ፤ ክዳኑን በነጠላዬ አደረቅሁት፤ ተነሣች። ወንድሜ «ተባረኪ» ሲለኝ አልፌው ወደ ገዢው ሄድኩ።

«አደራ» አልኩት፤ «ሲዘንብ መጀመሪያ ይህን ክዳን ያድርቁላት። አያስጨንቋት።»