«በአሮጌውስ?» የሚሉት አክስቴ

በደርግ ጊዜ አክስቴ አዲስ አበባ በአንድ ባንክ የኮምፒዩተር ክፍል አለቃዬ ነበሩ። ሥራ ጨረስኩ ባልኳቸው ቁጥር «በአሮጌውስ?» ይሉኛል። ኮዱን ለማሽኑ የሚተረጉም አዲስ ኮምፓይለር መጥቶልን ነበር፤ የባንኩ ቅርንጫፎች ግን ገና በአሮጌው ስለሚሠሩ የከርነሉ፣ ማለትም ማሽኑን የሚመራው ዋና ፕሮግራም፣ ኮድ ለሁለቱም መስማማት ነበረበት።

ታመው ላሊበላ እናታቸው ቤት በተኙ ጊዜ፣ አዲሱ ኮምፓይለር እምቢ ያለውን ኮድ በወረቀት ይዤላቸው ሄድኩ።

«አስተካክዬዋለሁ፣ እትዬ።»

«በአሮጌውስ?»

«እሱማ ሊቀር ነው።»

«እስኪቀር ድረስ የሚሠሩበትን ሰዎች ምን ልታደርጋቸው ነው፣ የኔ ልጅ?»

ትራሱን ተደግፈው ቀና አሉና፣ በወረቀቱ ላይ ለአሮጌው የሚሆነውንና ለአዲሱ የሚሆነውን መስመር ለየብቻ ጻፉልኝ።

በሳምንቱ እዚያው ላሊበላ ቀበርናቸው። ቢሮ ተመልሼ ኮዱን ሞከርኩት፤ በሁለቱም አለፈ። ደስ ብሎኝ ልነግራቸው ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ከዚያ ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ።