ጫማ ያደረገው ሠላሳ አንድ ቁጥር

ስሙ! መኪና ያላችሁ ስሙ፤ የሌላችሁም ከታክሲው መስኮት አንገታችሁን አውጥታችሁ ስሙ! ቁመቷ ከጎማ ብዙ የማይበልጥ፣ ደመወዟ ከቁመቷም የሚያጥር፣ በመኪና መገጣጠሚያው የአርማ ለጣፊዎች ሁሉ የበላይም የበታችም የሆነች (ብቻዋን ናትና) አንዲት ሴት፣ በመኪኖች ላይ ስም የማውጣት ሙሉ ሥልጣን እንዳላት ዛሬ አውጀናል። ሥልጣኗ ሌላ ነገር አይጨምርም። መኪና መግዛትንማ በፍጹም አይጨምርም።

የሥራ ጓደኞቿ "አጥማቂዋ" ይሏታል። መኪናው በመቶ ሰው እጅ አልፎ፣ በሩ ተገጥሞ፣ ወንበሩ ታስሮ፣ መብራቱ በርቶና ጠፍቶ እሷ ዘንድ ሲደርስ ገና ስም የለውም። የኋላ ኮፈኑን በአልኮል ትወለውላለች፤ የወረቀት ልኳን ታስቀምጣለች፤ የአርማውን የሙጫ ልጣጭ ትገፍፍና በሁለት አውራ ጣቶቿ ተጭና እስከ ሠላሳ ትቆጥራለች። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ አውራ ጣቶቿ ተጠፍጥፈው ማንኪያ መስለዋል። ሰው ስትጨብጥ እንኳ እስከ ሠላሳ ሳትቆጥር አትለቅም ብለው ያሟታል።

ከዚያ ኮፈኑን ትከፍታለች፤ ምንጣፉን ታነሣለች፤ ከስኮርታው ጎማ አጠገብ ባለው ብረት ላይ በአረንጓዴ ቀለም 31 ብላ ትጽፋለች። የሠራተኛ ቁጥሯ ነው። ድሮ አንድ ጉድለት ያለበት መኪና ወጥቶ ተጠያቂው ስለ ጠፋ፣ "መጨረሻ የነካው ይፈርም" ተባለ። ሲበላሽ የሚቀጣው እንዲታወቅ ነው፤ ሲያምር የሚመሰገነው ይታወቅ ያለ የለም። እሷ ግን ማንም ሳያዛት ከቁጥሩ ሥር ሁለት አጫጭር ጭረቶች ትጨምርበታለች። "በባዶ እግሩ እንዳይሄድ ጫማ ማድረጌ ነው" ትላለች።

ከአራት ዓመት በፊት ከጎኗ ሁለተኛ ሳጥን ተቀመጠ። በግራው ሳጥን የአገር ውስጡ አርማ አለ። በቀኙ ደግሞ የሩቅ አገር አርማ፣ በባዕድ ፊደል፣ የሚያብለጨልጭ። መኪናው ያው፣ በሩ ያው፣ ቡሎኑ ያው፣ ላቡ ያው። ከአራቱ አንዱ የቀኙ ይለጠፍበትና ሸራ ተከናንቦ በኋላ በር ይወጣል፤ ከተማው ማዶ ባለ መሸጫ አዳራሽ "ትናንት ከመርከብ የወረደ" ተብሎ ይገለጣል። ዋጋው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ባሕሩን ተዉት፤ ኩሬ እንኳ አልተሻገረም!

"የቀኙ ሳጥን ላይ ቁጥርሽን እንዳትጽፊ" ብሎ ሥራ አስኪያጁ አዘዛት። እሺ አለች። እጅ ግን እንደ አፍ እሺ አይልም። ሐሳቧ ቤቷ ልጆቿ ዘንድ ሲሄድ፣ እጇ የለመደውን ይሠራል። ስንት ጊዜ እንደ ሠራ እሷም አታውቅም።

ባለፈው ወር የደመወዝ ጭማሪ ጥያቄ ለስድስተኛ ጊዜ ቀረበ። በዚያ ቤት ደመወዝ አምስት ዓመት ሙሉ አልተነቃነቀም፤ ቢነቃነቅ ኖሮ ቡሎኑ ላልቷል ብለው ያጠብቁት ነበር። ሁለት መቶ ሠላሳው ሠራተኛ በምግብ አዳራሹ ተሰበሰበ፤ ከመንግሥት የተላከ ሸምጋይ መሐል ተቀመጠ፤ ሥራ አስኪያጁ ጥናት ይዞ ተነሣ።

"ገበያውን ጠይቀናል" አለ፣ የቀብር ንግግር በሚመስል ድምፅ። "ከአሥር ባለመኪና ሰባቱ የውጭ እመርጣለሁ ብሏል። የአገር ውስጡ በሩ ሲዘጋ እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል ይላል። የፈረድኩት እኔ አይደለሁም፤ ደንበኛው ነው። ለማይፈለግ ዕቃ እንዴት አድርጌ ደመወዝ ልጨምር?"

ሥራ አስኪያጁ ራሱ የሚነዳው የውጭ ነው። እውነተኛውን የውጭ። እሱማ ሳጥኖቹን ያውቃል!

አጥማቂዋ ብድግ አለች። "ጌታዬ፣ ሰባቱ ሰዎች ወደድን ያሉት የግራውን ሳጥን ነው የቀኙን?"

አዳራሹ በሣቅ ተናጋ።

"የምን ሳጥን?"

"ያ እጄን ስከትበት የምውለው።"

"ሴትዮ፣ የድርጅቱን ስም እያጠፋሽ ነው!"

"ኧረ ጌታዬ! እኔ ስም ሳወጣ ነው የምውለው።"

ሸምጋዩ የሁለቱን ሳጥንና የሠራተኛ ቁጥሩን ነገር ጠይቆ ተረዳና መነጽሩን አወለቀ። "የእናንተ ቃል አለ፤ የእሱም ቃል አለ። በቃል ብቻ አልፈርድም። ቁጥርሽ ያለበት፣ ከውጭ መጣ ተብሎ የተሸጠ አንድ መኪና አምጪ። ጥናቱን እጥለዋለሁ፤ ጭማሪውንም እወስናለሁ። ካላመጣሽ ግን ስም አጥፍተሻልና ከሥራ ትሰናበቻለሽ።"

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። ቁጥር እንዳይጻፍ ያዘዘው እሱ ነዋ። በማግስቱ የቀኙ ሳጥን ቦታው ላይ አልተገኘም።

የታላቅ እህቷ ባል የሲሚንቶና የብረት ነጋዴ ነው። እሑድ ዕለት እነሱ ግቢ ስትገባ አዲሱን መኪናውን ያጥባል፤ በገዛ እጁ፣ እጅጌውን ሰብስቦ። ልጅ ሲወለድለት እንኳ አጥቦ አያውቅም።

"ነይ እስኪ፣ አንቺ የቆርቆሮ ሐኪም! ይሄን ስሚልኝ።" በሩን ዘጋው። ድብ! "ሰማሽ? በር ማለት እንዲህ ነው። የእናንተ ሲዘጋ ሰፈር ይነቃል። የአገር ልጅ በሠራው መኪናማ ልጆቼን አልጭንም!"

"ጋሼ፣ እስኪ አንዴ ኋላውን ክፈትልኝ።"

"ምን ልትሆኚ?"

"እንኳን ደስ አለህ ልለው።"

ከፈተላት። ምንጣፉን ገለጠች። ከስኮርታው ጎማ አጠገብ፣ አረንጓዴ፣ ጫማውን አጥልቆ፣ 31። ጠፍጣፋ አውራ ጣቷን አጠገቡ አስቀመጠች።

እህቷ ከቤት ወጥታ ጠጋ ብላ አየችው። "ውይ ጉዴ! ከውጭ አስመጣሁ ያልከው ከእኔው እህት እጅ ነው እንዴ?" ብላ በሣቅ መሬት ላይ ቁጭ አለች። የባልየው ፊት የሚሸጠውን ሲሚንቶ መሰለ።

"ዝም በይ አንቺ፣ ጎረቤት ይሰማል!"

"የእሱ በር ሰፈር አይቀሰቅስም ብለህ የለ?" አለች አጥማቂዋ።

ከቀልዱ በኋላ ለመነችው። ስብሰባውን፣ ሸምጋዩን፣ የሁለት መቶ ሠላሳውን ሰው ደመወዝ፣ የእሷን መባረር ሁሉ ነገረችው። "ሰኞ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ፣ ጋሼ። ፋብሪካው ግቢ ድረስ ንዳልኝ።"

"እኔ ምን አገባኝ? ዝም አይነቅዝም።"

"ትነዳለህ!" አለች ሚስቱ። ሣቋ ቆሟል።

"እሺ፣ እነዳለሁ።"

ሰውዬው ቃሉን ጠበቀ። ሰኞ ልክ በሦስት ሰዓት መጣ፤ እሱም ታጥቦ፣ መኪናውም ታጥቦ። ሠራተኛው ከበበ። ሸምጋዩ በእጁ ኮፈኑን ከፈተ፤ ምንጣፉን አነሣ።

ብረቱ እንደ መስታወት ያበራል። ቁጥር የለም፣ ጫማ የለም። የቀለም ማስለቀቂያው የቲነር ሽታ ብቻ ወጥቶ ፊታቸውን መታቸው።

"ይሄ ሽታ ምንድን ነው?" አለ ሸምጋዩ አፍንጫውን ይዞ።

"የውጭ መኪና ሽታ ነው" አለ ነጋዴው፣ ዐይኑን ከመሬት ሳያነሣ።

ይህን ሰው እዩልኝ! ተታሏል። መታለሉንም ያውቃል። ያታለለው ሰው ሁለት እርምጃ ርቆ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ገንዘቤን መልስ ብሎ ኮሌታውን ማነቅ ሲገባው፣ የአታላዩን ወንጀል በገዛ ጨርቁ ጠረገለት! ለምን? ጎረቤት "የአገር ውስጥ ይነዳል" እንዳይለው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይሉ ነበር አባቶች። የእኛ ጉድ ይብሳል፦ ወርቁን በእጥፍ ገዝቶ፣ በበሩ ድምፅ ሲመጻደቅ ሰንብቶ፣ የሠራችው የሚስቱ እህት መሆኗን ባወቀባት ቀን ይፍቀዋል። የሠራተኛውን ደመወዝ ምን በላው ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ መልሱ ጥናት አይደለም፤ አንድ ብርጭቆ ቲነር ነው።

ሸምጋዩ ሞኝ አይደለም። "የሸተተኝን አልክድም፤ ግን አፍንጫዬ ማስረጃ አይሆንም" አለ። "አሥራ አምስት ቀን። ሌላ መኪና አምጪ።" እስከዚያ ከሥራ ታግዳለች፤ በማጥመቂያ ቦታዋ ላይ አንድ የተከራየ ማሽን ተተክሏል፤ አርማውን አጣሞ ይለጥፋል ይላሉ ጓደኞቿ በደስታ። እህቷ ባሏን ማናገር ትታለች፤ ገበያ የምትሄደው በታክሲ ነው።

አጥማቂዋ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በትልልቅ ሱቆች ደጅ፣ መኪና ከሚቆምበት ትቆማለች። "ጌታዬ፣ ምንጣፍዎን ላንሣልዎ?" ትላለች። አንዱ ሳንቲም ወረወረላት። ሌላው ዘበኛ ጠራባት። አንዲት ወይዘሮ ደግሞ "መኪናዬ የውጭ ስለሆነ እንዳትነኪው" አለቻት፤ በዚያች መኪና ላይ የተለጠፈውን አርማ የማን አውራ ጣት እንደ ተጫነው አጥማቂዋ ከሩቅ ታውቀዋለች። ዘጠኙ ቀን እንዲህ አለቀ። ስድስት ቀርቷል።

እንግዲህ ክቡር ባለመኪና፣ ያ የሚመኩበት የውጭ መኪናዎ ደጅ ቆሟል። ወጣ ይበሉ። በሩን እየዘጉ አያሰሙን፤ ድምፁን እናውቀዋለን። ኋላውን ይክፈቱ፣ ምንጣፉን ያንሡ፣ ከስኮርታው ጎማ አጠገብ ዝቅ ብለው ይዩ። ምንም ከሌለ ይቅርታዎን እንለምናለን፤ በሰላም ይንዱ። ጫማ ያደረገ አረንጓዴ ሠላሳ አንድ ካዩ ግን፣ እጅዎ ቲነሩን ሳያነሣ፣ ጎረቤት ምን ይለኛል ሳይሉ፣ እባክዎ፣ ፋብሪካው ግቢ ድረስ…