የምትንቋቋዋ ብስክሌት

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የወንድሜ አርባ በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ብስክሌቱን ከተደገፈችበት ግድግዳ አንሥቼ ወደ በሩ ገፋኋት። በረንዳ ላይ ምስር ትለቅም የነበረችው እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «መልሺያት» ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን፣ «ብሎኗን እንኳ ለማንም እንዳታስነኪ። እሱ እንደ ተዋት ትሁን» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

እሱ እንደ ተዋት ማለት እንዲህ ነው። የኋላ ጎማዋን ከላይ የሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ ጠጋኞቹ ፓራፋንጎ የሚሉት፣ አንድ ብሎኑ ወልቋል። አስፋልት ላይ ዝም ትላለች። ኮረኮንች ላይ ስትወጣ ግን ጠጠር በረገጠች ቁጥር ትንቋቋለች፤ መምጣቷ ከሩቅ ይታወቃል። ወንድሜ ዛሬ አጠብቀዋለሁ፣ ነገ አጠብቀዋለሁ ሲል ቆየና ሦስት ቀን ታሞ ሞተ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

ሐዋሳ ውስጥ ብስክሌት ብርቅ አይደለም። ሰው ሥራ ይሄድበታል፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ ያመጣበታል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርስበታል። ወንድሜ ግን ሳምንቱን ሙሉ እንጨት ሲልግ ሰንብቶ ቅዳሜ ሲደርስ ያለ ምንም ጉዳይ ይወጣ ነበር። ቤታችን ካለበት ከምሥራቅ ተነሥቶ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ ቡሹሎን አልፎ ወደ ዳገቶቹ። እዚያ አንድ የእንጨት ድልድይ ከተሰበረ ወዲህ መኪና የረሳው መንገድ አለ። ባጃጅ እንኳ አይደፍረውም። በግራ በቀኝ እንሰትና ባሕር ዛፍ፣ ከሥር ጠጠር፣ ከጫፉ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ለዞረ ደግሞ ሐይቁ።

«ምን ልታመጣ ነው የምትሄደው?» ትለው ነበር እናቴ።

«ምንም።»

«ምንም ለማምጣት ነው ይህን ያህል ላብ?»

«አንቺስ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ምን ይዘሽ ትመጫለሽ?» ይላታል፤ እሷም የያዘችውን ፎጣ ትወረውርበታለች።

አንዳንድ ጊዜ ሌላ ብስክሌት ተከራይቶልኝ አብረን እንወጣ ነበር። ሁልጊዜ እሱ ከፊት ነው። እኔ አቧራውን እየዋጥኩ ያንን መንቋቋት እከተላለሁ። «ዳገት ላይ ቀና አትበዪ» ይለኛል ዞር ሳይል። «ከጎማሽ ፊት ያለውን ጠጠር ብቻ እያየሽ ግፊ። ዳገቱ ራሱ ያልቃል።»

ያን ቅዳሜ አስፋልቱ ካለቀበት ስደርስ፣ መንገድ ዳር ጎማ የሚለጥፉት ወንዶች ድምፁን ሰምተው ዞሩ።

«እህት! ብስክሌት ነው የምትነጂው ወይስ ወጥ ቤትሽን ይዘሽ ወጥተሽ ነው?» አለኝ አንዱ።

«ነይ ላጥብቅልሽ፣ ሰፈሩን ሁሉ ቀሰቀስሽው!» አለ ሌላው።

«በዚህ ሰዓት የተኛኸው አንተ ብቻ ነህ!» ብዬው አለፍኩ። እየሳቁ ቀሩ። ከአርባ ቀን በኋላ ከሰው ጋር ስቀላለድ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደነገጥኩ።

ከቡሹሎ ወዲያ ሰው እየሳሳ ሄደ። ድልድዩ ጋ ብስክሌቷን ተሸክሜ ወንዙን በድንጋይ በድንጋይ ተሻገርኩ። ከዚያ በኋላ ዳገቱና እኔ ብቻ ቀረን። አንገቴን ደፍቼ ከጎማዬ ፊት ያለውን ጠጠር እያየሁ ገፋሁ። ያኔ ነው የሰማሁት። ከኋላዬ የሌላ ጎማ ድምፅ ነበር። ጠጠር የሚፈጭ፣ የማይቸኩል። ፔዳሉን ሳቆም ያቆማል፤ ስገፋ ይገፋል። የራሴው ብስክሌት ድምፅ ከቁልቁለቱ ጥግ ተመልሶ እየመጣ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሊሆንም ይችላል። ብቻ አልዞርኩም። ብዞርና ማንም ባይኖር፣ ያን ጊዜ በእውነት ብቻዬን እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ።

ዳገቱ አልቆ መንገዱ ሜዳ ሲሆን፣ በእንሰት የታጠረ አንድ ግቢ አለ። ወንድሜ ከዓመታት በፊት ካቴናው ከዚያ ግቢ ፊት ለፊት ተበጥሶበት፣ አንዲት የሲዳማ አሮጊት ውኃ ሰጥተውት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ጎራ ሳይል አያልፍም ነበር። ስኳር ይወስድላቸዋል፤ እሳቸው ወተት ይሰጡታል። ልጆቻቸው ርቀው ነው የሚኖሩት፤ ዓይናቸውም ደክሟል። በጆሯቸው ነበር የሚያውቁት።

አጥሩ ጋ ሳልደርስ በሩ ተከፈተ።

«ልጄ! ልጄ፣ ቆየህብኝ! የት ጠፋህ?»

ፍሬን ያዝኩ። በትራቸውን ጥለው እየሮጡ ሊባል በሚችል ርምጃ መጡ። መሪውን ዳሰሱ፤ ከመሪው ላይ እጄን ዳሰሱ። ጣቶቼ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ እማማ፤ እህቱ። አንድ ሁለት ጊዜ አብሬው መጥቼ ነበር።»

«ዳኤ ቡሹ፣ ዳኤ ቡሹ! ግቢ እንጂ!» አሉኝ በራሳቸው ቋንቋ እንኳን ደኅና መጣሽ ብለው። ቀጥለውም በዚያ ቆጠብ ባለ አማርኛቸው፣ «እሱስ?»

እኛ ቤት መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው፤ ትልልቅ ሰው ተሰብስቦ፣ በግራ በቀኝ የሚደግፍ ተቀምጦ። በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻውን ለቆመ ሰው፣ በአንዲት ልጅ አፍ ተነግሮ አያውቅም። እስኪነገር ድረስ «ደኅና ነው» ይባላል። ይህን ስሰማ ነው ያደግሁት። ስለዚህ አፌ ከእኔ ቀደመ።

«ደኅና ነው እማማ። ለሥራ ርቆ ሄዷል።»

ደንቡን ብዬ ነው ብል ግን እዋሻለሁ። ያን ዕለት ወተቴን ጠጥቼ ቁልቁለቱን ስወርድ አንድ ነገር ገባኝ። በዓለም ላይ ወንድሜ ያልሞተበት አንድ ግቢ ቀርቷል። ያም ግቢ እዚህ ዳገት ላይ ነው፤ እኔ አፌን እስካልከፈትኩ ድረስ እዚያ በሕይወት ይቆያል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድኩ። በሚቀጥለውም። አሮጊቷ በላስቲክ ጠርሙስ ወተት ይሞሉና፣ «ሰው ሲሄድለት ላኪለት» ይሉኛል። እሺ እላለሁ። ጠርሙሱን ኋላ ላይ አስሬ ከዳገቱ ጫፍ ስደርስ፣ ወንድሜ ሐይቁን እያየ የሚያርፍበት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጠጣዋለሁ። መድፋት አልችልም፤ ቤት መውሰድም አልችልም። የሞተ ሰው ወተት ጠጥቼ ስነሣ፣ ያ ጎማ ከኋላዬ ይነሣል።

ውሸቴም እየበዛ ሄደ። ደሞዙ ጥሩ ነው አልኩ። ጢም አሳድጓል አልኩ። አሮጊቷ በሳቅ ፍርስ አሉ፤ «ጢም? ያ ለስላሳ ልጅ?» በስድስተኛው ቅዳሜ ግን እጄን ያዙና፣ «ለፍቼ ይመጣል?» አሉኝ። ፍቼ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

«ይመጣል» አልኩ።

አንድ ቃል ነበረች። እሳቸው ግን ወደ ጓዳ ገብተው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ወጡ። «ይሄን ላኪለት። መንገድ ላይ ሳለ ራሱን ይቀባ፤ ደርቆ እንዳይመጣብኝ። ለጎረቤት ሁሉ ተናግሬያለሁ። በዚያ ቀን ቡርሳሜውን ከእኔ ጋር ነው የሚበላው።» ቡርሳሜ በቅቤ የራሰ ቆጮ ነው፤ ያለ ባለቤቱ አይቀርብም።

ወተቱን እንደ ጠጣሁት ቅቤውን ልጠጣው አልችልም። ቤት ይዤው ገባሁ፤ ከአልጋዬ ሥር ደበቅሁት።

ከዚያ በፊት ግን፣ ግቢ ስገባ ሌላ ነገር አይቼ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አንድ ሳሕን በእጇ ይዛ፣ አንገቷን ወደ መንገዱ አስግጋ። እኛ ሰፈር የመጨረሻዎቹ ሃምሳ ርምጃዎች ኮረኮንች ናቸው። እኔን ስታይ ሳሕኑን ወደ ኋላዋ ደበቀች። ለካ ስድስቱንም ቅዳሜ፣ ያቺ ብስክሌት ስትንቋቋ በሰማች ቁጥር የሱን ሳሕን ይዛ ትነሣ ኖሯል።

በሐዘን ቤት ራስ በቅቤ አይነካም። እናቴ ጥቁር ሻሿን ከግንባሯ በላይ ካሰረች ወዲህ የቅቤ ሽታ ከቤታችን ጠፍቷል። ስለዚህ ቅቤው ማታውኑ አልደበቅም አለ። አልጋዬ ጋ መጥታ ጎንበስ አለችና አወጣችው።

«ይህ የማን ነው?»

«የሱ ነው» አልኳት።

ተቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት፤ አሮጊቷን፣ ወተቱን፣ ጢሙን፣ ፍቼን። በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ቅቤውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ስድስት ሳምንት ሙሉ እዚያ ደኅና ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አዎ።»

«ከሳ አላልሽም?»

«አላልኩም እማዬ።»

«ጢም ነው ያልሽው?»

«ጢም።»

ፈገግ ያለች መሰለኝ። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «ሴትዮዋ ለጎረቤት ተናግረዋል። ፍቼ ደርሶ ባዶ በር ላይ ከሚያቆማቸው ሐዘኑን አሁን ይስሙት። ነገ ጎህ ሲቀድ እንሄዳለን። ያንቺ አፍ የከፈተውን እኔ እዘጋዋለሁ።»

እናቴ በዕድሜዋ ብስክሌት ላይ ተቀምጣ አታውቅም። በማግሥቱ ገና ወፍ ሳይንጫጫ ከኋላዬ ወደ ጎን ዞራ ተቀመጠች፤ አንድ እጇ ወገቤ ላይ፣ ሌላው የት እንደ ሆነ አላየሁም። ከተማውን አለፍን። አስፋልቱ አለቀ፤ ኮረኮንቹ ጀመረ። ብስክሌቷ ግን አልተንቋቋችም። ወደ ኋላ ዞሬ ሳይ እናቴ ያንን ቆርቆሮ በባዶ እጇ ጨብጣ ይዛዋለች።

«እጅሽን ይቆርጥሻል እማዬ።»

«ንጂ አንቺ። ሰምተው በደስታ እንዳይወጡ።»

ድልድዩ ጋ ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን በእግር ወጣነው። እኔ መሪውን ይዤ እገፋለሁ፤ እሷ ከኋላ ቆርቆሮውን ይዛ ትከተላለች። ሌላው ጎማ ያን ዕለት አልመጣም። የራሳችን እግር ብቻ ነበር የሚሰማው። እናቴ በመጀመሪያ የአሮጊቷን ጎረቤት በር አንኳኳች፤ ባልና ሚስቱን ቀስቅሳ ነገረቻቸው። አራት ሆነን ገባን።

አሮጊቷ ከመደባቸው ላይ ተነሥተው ተቀመጡ። በዚያ ሰዓት ያን ያህል እግር ሲገባ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም። እናቴ ከፊታቸው ተንበርክካ ሁለት እጃቸውን ያዘች።

«እናቴ፣ የወለድኩት እኔ ነኝ» አለቻቸው። «ልጃችን አርፏል። ሰማንያ ቀን ሊሞላው ነው።»

ጎረቤቷ በሲዳምኛ ደገመችላቸው። አሮጊቷ መጀመሪያ አላለቀሱም። ፊታቸውን እኔ ወዳለሁበት አዞሩ።

«ወተቱንስ ማን ጠጣው?»

«እኔ ነኝ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እንኳን ጠጣሽው» አሉ። «ሜዳ ላይ ፈሶ ቢሆን ነበር የሚከፋኝ።» ከዚያ በቋንቋቸው ጀመሩ፤ ረጅም፣ ስሙን ደጋግሞ የሚጠራ ልቅሶ። እናቴ ቃሉን አታውቀውም፤ ግን አብራቸው አለቀሰች። በአርባው እንኳ እንዲያ ስታለቅስ አላየኋትም።

ቅቤውን መልሰን ይዘን ሄደን ነበር። አሮጊቷ አልተቀበሉም፤ ለእናቴ ሰጧት።

ቤት እንደ ደረስን እናቴ የወንድሜን የመሣሪያ ሳጥን ከፍታ ፒንሳውን አወጣች። ከአጥሩ አንድ ስንዝር ሽቦ ቆረጠች። ብስክሌቷን በረንዳው ላይ ገልብጣ፣ ፓራፋንጎውን ሁለት ዙር ጠምጥማ አጠበቀችው። ጎማውን በእጇ አሽከረከረችና ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። ከዚያ ፒንሳውን ሳጥኑ ውስጥ መለሰች፤ የተቆረጠ መዳፏን ታጥባ ምስሩን ጣደች።