ባዶው ክዳን

ሎርና ዌክስለር ሲሊከን ቫሊ ውስጥ ኮድ ስትጽፍ ዓመታት ቆጠረች። የባልደረቦቿ ላፕቶፕ ክዳን ሁሉ በአንድ ወገን የፖለቲካ ስቲከር ተሸፍኗል፤ በነፃ ሐሳብ የሚምሉትም እነዚሁ ናቸው! ባዶው የሷ ብቻ ይመስላት ነበር። አንድ ሰኞ ግን መደበቁ አንገሸገሻት፤ ቢሮው በሙሉ የሚጠላውን እጩ ስቲከር ለጥፋ፣ ላፕቶፗን ይዛ ምሳ ገባች።

የቢሮው አንደኛ ተከራካሪ ዴክላን ፊት ለፊቷ ዘጭ አለ።

«አብደሻል እንዴ? ይሄን ሰውዬ?»

«አዎ፣ ይሄን ሰውዬ!»

«በይ አስረጂኝ! ዛሬ ሳላሸንፍሽ አልነሳም!»

ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ተጯጯሁ፣ ተሳሳቁም። ማንም አልተሸነፈም፤ ሎርና ግን በደስታ ልትበር ደረሰች።

ስትወጣ አለቃዋ የራሱን ላፕቶፕ ደረቱ ላይ አቅፎ ተከተላት።

«ሎርና፣ የተረፈሽ ስቲከር አለ?» አላት በሹክሹክታ።

የሱም ክዳን ባዶ መሆኑን ያየችው ያኔ ነው።